ግልጽ ደብዳቤ፦ በደሴና በኮምቦልቻ የጸጥታ መረጃ ስለሚሄድበት መንገድ

ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ ምክር ቤቶች
ለደቡብ ወሎ ዞን ሰላምና ጸጥታ መምሪያ
ለአማራ ክልል ሰላምና ጸጥታ ቢሮ
ግልባጭ፦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ግንኙነትና ሰላም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ የጸጥታ መረጃ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲተላለፍ ምንጩ፣ የታማኝነት ደረጃውና መልሱ በጽሑፍ እንዲያዝ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ከሚሌ ተነስቶ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚገባ የጭነት መኪና በአንድ ጉዞ አፋር ክልልን፣ በባቲ በኩል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንን፣ የደቡብ ወሎን ቃሉ ወረዳና የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደርን ይረግጣል። ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ከደረሰ ደግሞ አምስተኛ አስተዳደር ውስጥ ገብቷል። በየኬላው የሚቆመው ሰው አለቃው ሌላ ነው፣ መዝገቡ ሌላ ነው፣ ሪፖርት የሚያደርግበትም ቢሮ ሌላ ነው። መኪናው ላይ አጠራጣሪ ነገር ቢታይ ጉዳዩ የጉምሩክ፣ የፌዴራል ፖሊስ፣ የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት፣ የመከላከያ መረጃ ወይም የክልሉ ፖሊስ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ የሁሉም ይሆናል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በእነዚህ ቢሮዎች መካከል ስላለው ክፍተት ነው።

«መረጃ ተለዋወጡ» የሚል ማሳሰቢያ በየስብሰባው ይነገራል። የእኛ ጥያቄ ግን ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል። ማን እንዳየው፣ መቼ እንዳየው፣ ምን ያህል እንደሚታመን ያልተጻፈበት ጥቆማ ከቢሮ ወደ ቢሮ በተዘዋወረ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ንጹሕ ሰው ያሳስራል፣ ወይም እውነተኛውን አደጋ ይሸፍናል። ስለዚህ ልውውጡ ይብዛ ከማለታችን በፊት የሚላከው ነገር መልክ ይያዝ እንላለን።

በመጀመሪያ ሕዝቡ እንዲያውቀው መዋቅሩን እናስቀምጥ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51(6) የመከላከያ፣ የሕዝብ ደኅንነትና የፌዴራል ፖሊስ ኃይልን ማቋቋምና መምራትን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። በአንቀጽ 52(2)(ሰ) ደግሞ የክልል ፖሊስ ማደራጀትና የክልሉን ሰላምና ጸጥታ ማስጠበቅ የክልሎች ሥልጣን ነው። ከዚህ የተነሳ መረጃ ከመነሻው በሁለት መስመር ይወጣል። በፌዴራሉ መስመር ብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት አለ፤ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 804 እንደገና ተቋቁሞ የአገር ውስጡንም የውጭውንም መረጃ አንድ ላይ ይዟል። ብሪታንያ እነዚህን ሁለት ሥራዎች ለኤም አይ ፋይቭና ለኤም አይ ሲክስ ከፍላ፣ የመገናኛ ጠለፋውን ለብቻው ለጂ ሲ ኤች ኪው ሰጥታለች። በእኛ አገር የኔትወርክና የኮምፒውተር ጉዳይ በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 808 እንደገና የተቋቋመው፣ ኢንሳ እያልን የምንጠራው መሥሪያ ቤት ነው። የጦሩ መረጃ በመከላከያ ውስጥ ነው። የባንክ አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ሪፖርት የሚደርሰው ለፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት ሲሆን፣ በወንጀል የሚጠረጠረውን የሚመረምረው ፖሊስ ነው። ከሁሉም በላይ በጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመራ፣ በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 257 የተቋቋመ የብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤት አለ።

በክልሉ መስመር ነገሩ ለኑሯችን ይቀርባል፦ ከቀበሌ ሚሊሻና ከማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ከተማ ሰላምና ጸጥታ፣ ከዚያ ወደ ክልል። እዚህ ላይ ልብ ይባል፤ የደቡብ ወሎ ዞን መቀመጫው ደሴ ቢሆንም ደሴና ኮምቦልቻ የየራሳቸው ከተማ አስተዳደር አላቸው። ቃሉ ወረዳ ላይ የታየ ነገር በዞኑ በኩል ሲወጣ፣ ሰውየው ሩብ ሰዓት ተጉዞ ኮምቦልቻ ከገባ በኋላ የሠራው በከተማው በኩል ይወጣል። ሁለቱ ወረቀቶች የሚገናኙት ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላይ ነው፣ ያውም ከተገናኙ።

ይህ ክፍተት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሲ አይ ኤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2000 በኩዋላ ላምፑር በተደረገ የአልቃይዳ ሰዎች ስብሰባ ላይ የተገኙትን ካሊድ አል ሚህዳርንና ናዋፍ አል ሐዝሚን አውቋቸው ነበር፤ አንደኛው የአሜሪካ ቪዛ እንዳለውም ያውቅ ነበር። ስማቸው መግቢያ በር ላይ በሚታየው የክትትል ዝርዝር ውስጥ የገባው ግን በኦገስት 2001 መጨረሻ ነው። ሁለቱም ቀድመው አገር ውስጥ ገብተው ነበር፤ በሴፕቴምበር 11 ከ19ኙ ጠላፊዎች መካከል ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሕግ የብሔራዊ መረጃ ዳይሬክተር የሚባል ሹመት ፈጥሮ መሥሪያ ቤቶቹን በአንድ አስተባባሪ ሥር ያደረገው ከዚህ በኋላ ነው።

ከዚህ የተነሳ ብዙ ሰው መፍትሔው ሁሉን ለሁሉም መላክ ይመስለዋል። የኢራቅ ጉዳይ ግን ሌላኛውን ገጽ ያሳያል። «ከርቭቦል» የሚል ስም የተሰጠው ኢራቃዊ ስደተኛ ስለ ተንቀሳቃሽ የባዮሎጂ መሣሪያ ማምረቻዎች ለጀርመን የውጭ መረጃ ድርጅት ተናገረ። የጀርመን ሪፖርት ለአሜሪካ የመከላከያ መረጃ፣ ከዚያም ለሲ አይ ኤ ተላለፈ፤ አሜሪካኖቹ ሰውየውን ራሳቸው ሳያነጋግሩት ቃሉ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2003 በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ለጦርነት ምክንያት ሆኖ ቀረበ። ሐሰት ነበር። የከርቭቦልን ቃል ይደግፋሉ ከተባሉት ሌሎች ምንጮች አንዱ ደግሞ በሜይ 2002 «ፈጥሮ የሚናገር ነው» የሚል ማስታወቂያ ወጥቶበት ነበር፤ ማስታወቂያው ግን ቀድመው የተላኩትን ሪፖርቶች ተከትሎ ስላልሄደ የዚህ ምንጭ ቃል እንደ ማረጋገጫ መጠቀሱ ቀጠለ። በመጀመሪያው ጉዳይ መረጃው አልተላከም። በሁለተኛው ተልኳል፣ ማንነቱን የሚናገር ወረቀት ግን አብሮት አልሄደም።

ለወሎ ሰው ሦስተኛም ምሳሌ አለ። በ1965 ዓ.ም. የሰብሉ መጥፋት በመንግሥት ቢሮዎች ውስጥ ይታወቅ ነበር። ከታች ያሉት ያዩትን ጽፈዋል፤ ከላይ ያሉት ደስ የማይለውን ወሬ ወደ ላይ ማሳለፍ አልፈለጉም። ዓለም የሰማው በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት አካባቢ፣ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። መልእክተኛው የሚቀጣበት መዋቅር የቱንም ያህል ሠራተኛ ቢኖረው የሚሰማው ሊሰማ የሚፈልገውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ፤ ጥቆማ በመንገድ ላይ የሚበላሽባቸውን ቦታዎች በቅርበት እንያቸው።

እንበል በሰኞ ገበያ አንድ ነጋዴ «እዚያ ግቢ የማይታወቁ ሰዎች ተከራይተዋል» ብሎ ለሁለት ሰዎች ይናገራል። አንደኛው ለቀበሌው ሚሊሻ፣ ሁለተኛው ለሚያውቀው ፖሊስ ይነግራል። ሦስተኛ ሰው ከዚህ ሰምቶ ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል። የሚሊሻው በሰላምና ጸጥታ፣ የፖሊሱ በፖሊስ መስመር ይወጣል፤ ፌስቡኩን ሌላ ቢሮ ያየዋል። ሦስቱ ከላይ ሲገናኙ «ከሦስት ምንጭ የተረጋገጠ» ይሆናሉ፤ ያየው ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም ያየው በር ላይ የቆመ ሻንጣ ብቻ ሊሆን ይችላል። የዚህ ዓይነት ስሕተት የሚታረመው እያንዳንዱ ሪፖርት ላይ «ይህን ያየው ራሱ ነው ወይስ ሰምቶ ነው? ከሰማ ከማን?» ተብሎ ሲጻፍ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የስም ጉዳይ አለ፤ ይህ በወሎ ከየትም በላይ ይከብዳል። መሐመድ፣ አሕመድ፣ ሰይድ፣ አሊ፣ ሁሴን የሚሉ ስሞች በየቤቱ አሉ። «መሐመድ አሕመድ ይፈለጋል» የሚል ወረቀት ኬላ ላይ ቢደርስ በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው ሊይዝ ይችላል። አጻጻፉም ይለያያል፦ መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሀመድ። ኮምፒውተር ላይ ሲፈለግ «ሐ» እና «ሀ» የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ ተፈላጊው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «አልተገኘም» ሊል ይችላል፤ በፓስፖርቱ የላቲን ፊደል ደግሞ ሌላ ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውም የሰው ስም ያለበት ጥቆማ እስከ አያት፣ የእናት ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታና ዓመት፣ ካለም የፋይዳ ቁጥር መያዝ አለበት። ይህ ያልተሟላበት ወረቀት «ለማጣሪያ እንጂ ለመያዝ አይበቃም» የሚል ማኅተም ይመታበት።

የቀንና የሰዓት አጻጻፍም እንዲሁ ያሳስታል። «በ1985 የተወለደ» ሲባል በእኛ አቆጣጠር ከሆነና ሌላኛው ቢሮ እንደ ፈረንጅ ዓመት ካነበበው ሰውየው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አርጅቶ ሌላ ሰው ይሆናል። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የተባለው ካሜራና የስልክ መዝገብ በሚጠቀሙበት አቆጣጠር 2፡00 ነው፤ ጸሐፊው 8፡00 ብሎ ካስገባው ስድስት ሰዓት ይጠፋል። «ቅዳሜ ሌሊት» ማለትም አይበቃም፤ ለቅዳሜ አጥቢያ ነው ወይስ ለእሑድ አጥቢያ? ሙሉ አንድ ቀን የሚያስት ነገር ነው። ዓመቱ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.»፣ ሰዓቱ ላይ «በኢትዮጵያ» ወይም «በ24 ሰዓት» ብሎ ለመጻፍ ከአንድ እስክሪብቶ በላይ ወጪ አይጠይቅም።

ከዚህ ሌላ በስልክ ብቻ የሚተላለፍ ጥቆማ አለ፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል፣ ኃላፊ ሲቀየርም አብሮ ይሄዳል። በሳምንት ይህን ያህል ሪፖርት ይቅረብ የሚል ኮታ ባለበት ደግሞ ወረቀቱ ይሞላል፣ ውስጡ ግን ወሬ ይሆናል። ሠራተኛው መለካት ያለበት ስንት ላከ ተብሎ ሳይሆን ከላከው ስንቱ ተጣርቶ ቆመ ተብሎ ነው።

የምንጠይቀው የጋራ ጠረጴዛ ነው፤ አዲስ መሥሪያ ቤት አይደለም። በደሴ አንድ፣ በኮምቦልቻ አንድ። የከተማው ፖሊስ፣ የከተማው ሰላምና ጸጥታ፣ የዞኑ መምሪያ፣ የፌዴራል ፖሊስና የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት ተወካይ በየቀኑ ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ለግማሽ ሰዓት ይቀመጡ፤ በኮምቦልቻ ጉምሩክ ይጨመር። ከባቲና ከአፋር በኩል ያሉት የፖሊስ ኃላፊዎች ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ይገኙ። የአደጋ መከላከልና የጤና ሰዎችም በሳምንት አንዴ ይጠሩ፤ የእህል ዋጋ መናርና የከብት ያለጊዜው ሽያጭ ከጸጥታ ሪፖርት ቀድሞ ብዙ ነገር ይናገራል። ከተቀማጮቹ ሁለቱ ጥቆማ የማይሰበስቡ፣ ሰውም የማያስሩ፣ ሥራቸው ማመሳከር ብቻ የሆነ ተንታኞች ይሁኑ። የሰበሰበ ሰው የራሱን ሪፖርት ሲመዝን ያደላል፤ ይህ የሰው ባሕርይ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የሚቀርብ ማንኛውም ጥቆማ አንድ ገጽ ቅጽ ይኖረዋል። የገጽ ቁጥር ባለው የታሰረ መዝገብ ተራ ቁጥር ያገኛል፤ ኮምፒውተር ቢኖርም መዝገቡ ይቆይ፣ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ እሱ አይጠፋም። ምንጩ በስሙ አይጻፍም፤ በኮድ ይጻፋል፤ ስሙ መጀመሪያ ከተቀበለው ቢሮ አይወጣም። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፦ ያው ሰው ለሁለት ቢሮ በሁለት ኮድ ሊናገር፣ አልፎም ከሁለቱም ሊከፈለው ይችላል፤ ያኔ አንድ ምንጭ ሁለት ይመስላል። ስለዚህ ኮዱን ከስሙ የሚያመሳክር፣ መሐላ የፈጸመ አንድ ሰው ይመደብና ታሽጎ የሚቀመጥ ዝርዝር ይያዝ፤ ሥራው «እነዚህ ሁለት ኮዶች አንድ ሰው ናቸው» ብሎ መናገር ብቻ ይሁን።

ደረጃ አሰጣጡን እንደ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። ከብሪታንያ ባሕር ኃይል የመጣና በብዙ አገሮች የሚሠራበት አለ፦ ለምንጩ አንድ ፊደል፣ ለተነገረው ነገር አንድ ቁጥር። በእኛ ፊደል ከ«ሀ» እስከ «ረ» እናድርገው። «ሀ» ሁልጊዜ የሚታመን፣ «ሠ» የማይታመን፣ «ረ» ገና ያልተፈተነ። ቁጥሩ ከ1 እስከ 6 ነው፤ 1 ከሌላ ነጻ ምንጭ የተረጋገጠ፣ 5 እውነት ሊሆን የማይመስል፣ 6 ለመመዘን የማይቻል። ሁለቱ ለየብቻ መሰጠታቸው ዋናው ቁም ነገር ነው። ታማኝ ሰው በቅንነት የተሳሳተ ነገር ሊናገር ይችላል፣ የማይታመንም ሰው እውነት ሊናገር ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የደወለ ሰው «ረ6» ነው፤ ይህ ስድብ አይደለም፣ ገና አልተጣራም ማለት ነው። በተግባር የሚታየው ስሕተት ጸሐፊው ላለመወቀስ ሁሉን «ለ2» ወይም «ሐ3» እያለ መሙላቱ ነው፤ ተንታኙ በየወሩ ደረጃዎቹን ከውጤቱ ጋር እያስተያየ ይመልስለት።

በቅጹ ላይ እንዲካተት አጥብቀን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ጠቋሚው ከተጠቆመው ሰው ጋር የድንበር፣ የውርስ፣ የንግድ ወይም የፍቺ ክርክር አለው?» በአገራችን ስንት ጥቆማ ከቂም እንደሚነሳ የፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሁሉ ያውቃል። መልሱ «አዎ» ቢሆን ጥቆማው አይጣልም፤ ነገር ግን ያለ ሌላ ማረጋገጫ የሰው ደጅ አይደበደብበት።

ከዚያ መልሱ አለ። ላኪው ቢሮ በ24 ሰዓት ውስጥ «ደርሷል» የሚል፣ በ7 ቀን ውስጥ ደግሞ «እውነት ነው»፣ «ሐሰት ነው»፣ «እየተጣራ ነው» ወይም «ለሌላ ቢሮ ተላልፏል» የሚል መልስ ያግኝ። መልስ ያላገኘ የኬላ ፖሊስ በሦስተኛው ጊዜ መላክ ይተዋል። ሐሰት ሆኖ የተገኘ ጥቆማ ደግሞ የተላከላቸው ቢሮዎች ዝርዝር ቅጹ ጀርባ ላይ ስላለ መሻሪያው ለሁሉም ይደርሳል። የኢራቁን ነገር ያበላሸው የዚህ አንድ ገጽ መጉደል ነው።

ባንኮችንም እናንሳ። ኢትዮጵያ ከየካቲት 2009 እስከ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ግብረ ኃይል የክትትል ዝርዝር ውስጥ ነበረች፤ ከዚያ የወጣችው በሕገ ወጥ ገንዘብ ላይ የሚሠሩት ተቋማት ክፍተታቸውን እንዲያሻሽሉ ተደርጎ ነው። በቅርንጫፍ ደረጃ ግን አጠራጣሪ ሪፖርት ላይ «ከአቅሙ በላይ ገንዘብ አስገብቷል» ብቻ መጻፍ ለተንታኙ ምንም አይሰጠውም። ሰውየው ሥራው ምንድን ነው፣ በተለመደው ወር ስንት ያስገባል፣ አሁን ከየትኞቹ ሒሳቦች መጣ፣ በስንት ቀን ውስጥ ወጣ የሚለው ይጻፍ። ለደንበኛው ሪፖርት እንደተደረገበት መንገር በሕግ የተከለከለ መሆኑንም የባንክ ሠራተኛ ሁሉ ይወቅ።

የምንጠይቀው ቅንጅት ሁሉንም በአንድ እጅ መሰብሰብ ማለት እንዳልሆነ ደግሞ በግልጽ እንናገራለን። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ የጸጥታው ኃላፊ ወርቅነህ ገበየሁ ራሳቸው ከክብር ዘበኛው አዛዥ ከመንግሥቱ ንዋይ ጋር ነበሩ፤ ዓይን የሆነው ቢሮ ከሴራው ውስጥ ሲሆን ሌላ የሚያይ ሊኖር ይገባል። በደርግ ዘመን ደግሞ የሕዝብ ደኅንነት ሚኒስቴር ሰብሳቢም፣ ተንታኝም፣ አሳሪም ራሱ ነበር፤ ያ ምን እንዳስከተለ የሚያስታውሱ ወላጆች ዛሬም አሉ። ስለዚህ ጠረጴዛው የማሰር ሥልጣን አይኑረው። ጥቆማ ማስረጃ አይደለም፤ ፖሊስ በራሱ ምርመራ ማስረጃ ያግኝ፣ የተያዘውም ሰው በአንቀጽ 19(3) መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ። በአንቀጽ 26 የተጠበቀው የግል ሕይወት፣ ደብዳቤና ስልክ በሕግ በተፈቀደው መንገድና በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልሆነ አይነካ። ለቋሚ ኮሚቴው ግልባጭ ያደረግነው አንቀጽ 55(7) የመከላከያ፣ የደኅንነትና የፖሊስ ኃይሎች ሰብአዊ መብት የሚጥስ ተግባር ሲፈጽሙ እንዲያጣራና እርምጃ እንዲወስድ ምክር ቤቱን ስለሚያዝ ነው።

የመጨረሻው ጉዳያችን ማስጠንቀቂያ ለሕዝብ የሚደርስበት መንገድ ነው። በኬንያ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2 ቀን 2015 148 ሰዎች ሲገደሉ ከቀናት በፊት ዩኒቨርሲቲዎች ሊጠቁ እንደሚችሉ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። የትኛው ዩኒቨርሲቲ፣ ማን ምን ያድርግ የሚል ግን አልነበረውም፤ ልዩ ኃይሉም ከናይሮቢ እስኪደርስ ሰዓታት አለፉ። የእኛ ከተሞችም ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴ በማን እጅ እንዳለች ከተለያየ ወገን የሚጋጭ መግለጫ ሲወጣ፣ ሽማግሌ የተሸከመና ሕፃን ያዘለ ሰው መንገድ የመረጠው በወሬ ነው። ስለዚህ ከጠረጴዛው የሚወጣ የሕዝብ ማስጠንቀቂያ አራት ነገር ይኑረው፦ የት ሰፈር፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ሰው ምን ያድርግ፣ ቀጣዩ መግለጫ በስንት ሰዓት ይወጣል። የሚያወጣው አንድ የታወቀ ኃላፊ ይሁን፤ በሬዲዮ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ድምጽ ማጉያም ይነገር።

ለሙከራ ከባቲ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን መንገድ ለሦስት ወር ይዛችሁ ጀምሩ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ የማንንም ስምና የማንንም ምንጭ ሳትገልጹ አምስት ቁጥር ብቻ ለሁለቱ ከተማ ምክር ቤቶች በይፋ አቅርቡልን፦ ስንት ጥቆማ ደረሰ፣ ስንቱ በ7 ቀን መልስ አገኘ፣ ስንቱ ሐሰት ሆነ፣ ለስንቱ ሐሰተኛ መሻሪያ ተላከ፣ በስም መመሳሰል ተይዞ የተለቀቀ ሰው ስንት ነው። የቅጹን ረቂቅ፣ የደረጃ ሰንጠረዡንና ለኬላ ፖሊሶች የግማሽ ቀን ሥልጠና ማስታወሻውን ያለ ክፍያ አዘጋጅተን ለማቅረብ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

በደሴና በኮምቦልቻ የምንኖር የሕግ፣ የአስተዳደርና የጸጥታ ጥናት ባለሙያዎች